ወላጆቻችን ሲረሱ ድርሻቸውን አንንጠቃቸው

በብዙዎቻችን ቤት ያለ፣ ነገር ግን ከቤት ውጭ ብዙም የማንነጋገርበትን አንድ ጉዳይ ዛሬ ላነሳላችሁ እወዳለሁ። ጉዳዩ በስተርጅና የመርሳት በሽታ የሚይዛቸውን ወላጆቻችንንና አያቶቻችንን የሚመለከት ነው። የማነሳውም ከመጽሐፍ ባገኘሁት ብቻ አይደለም። በገዛ ቤታችን የሠራነው ስህተት ስላስተማረኝ ጭምር ነው።

የእናቴ አባት በሐረር ጁገል ውስጥ ለረጅም ዘመን ቁርኣን ሲያቀሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሐረሪዎች እንዲህ ያለውን መምህር «ከቢር» ይሉታል፤ እኛ የልጅ ልጆቻቸው ግን «ባባ» እንላቸዋለን። እኔም አሊፍ ባን የለየሁት ከፊታቸው ተቀምጬ ነው። ጧት ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እሄድና ከዐስር ሶላት በኋላ ሎሔን፣ ማለትም የእንጨት ሰሌዳዬን ይዤ ወደ እሳቸው እመለስ ነበር። ዛሬ መምህር ነኝ ብዬ ክፍል ውስጥ ስገባ፣ ተማሪን ሳያሳፍሩ ማረምን የተማርኩት ከእሳቸው መሆኑን አልረሳም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባባ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር። ዙህርን ሰግደው ገና ከመስገጃቸው ሳይነሱ «ዙህር ሰግደናል?» ብለው ይጠይቃሉ። ቆይቶ ቁልፍ፣ ገንዘብ፣ መነጽር ይጠፋቸው ጀመር። በመጨረሻም መንገዱ ጠፋቸው። ጁገል ከ3 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ግንብ የታጠረች፣ ጠባብ መንገዶቿ እርስ በርስ የተጠላለፉባት ከተማ ናት። ለእንግዳ ታደናግራለች እንጂ እዚያው ተወልዶ ላረጀ ሰው እንደ መዳፉ የሚያውቃት ናት። ባባ ግን አንድ ቀን መግሪብን ለመስገድ ወጥተው ሳይመለሱ ቀሩ። የአፎቻችን ሰዎች ተከፋፍለው በሸዋ በር፣ በቡዳ በር፣ በሰንጋ በር፣ በኤረር በርና በፈላና በር ፈለጓቸው። ዒሻ ካለፈ በኋላ ኤረር በር አካባቢ፣ ሸቀጧን ስትሰበስብ ከመሸባት አንዲት ነጋዴ አጠገብ ተቀምጠው ተገኙ። ሴትየዋ ውኃ ሰጥታ፣ ነጠላዋን አልብሳ «አባቴ፣ ሰው እስኪመጣ ከእኔ ጋር ይቆዩ» ብላ አቆይታቸው ነበር። አላህ ምንዳዋን ይክፈላት።

በማግስቱ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። የግቢው በር እንዲቆለፍ ተወሰነ። ገንዘብ በእጃቸው እንዳይገባ ተባለ። ቁርኣን ለመቅራት ይመጡ የነበሩት ልጆችም እንዳይመጡ ተደረገ። ባባ አንዱን ልጅ ያንኑ ትምህርት ሦስት ጊዜ ስላስደገሙትና አንዳንድ ወላጆችም ማጉረምረም ስለጀመሩ ነበር። «ደክመዋል፤ ከእንግዲህ ይረፉ» አልን። ይህን ሐሳብ ከሁሉ አስቀድሜ ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ። በሐረሪ ቤት ውስጥ ነደባ በሚባለው ከፍ ያለ መቀመጫ ላይ ትራስ ደራርበን አስቀመጥናቸው። ምግቡ ካሉበት ይመጣል፤ ልብሳቸው ይታጠባል፤ እጃቸው ይሳማል። ከእሳቸው የሚፈለግ ግን ምንም ነገር አልነበረም።

እኛ ይህን ሁሉ ክብር ብለን ነበር የሠራነው። ባባ ግን ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ዝም አሉ። ምግብ እየቀነሱ መጡ። ሌሊት ተነስተው በሩን ይገፉና «ልጆቹ ውጭ ቆመዋል፤ ክፈቱላቸው» ይላሉ። ልትመልሳቸው የሞከረችውን አክስቴን አንድ ሌሊት ገፍትረው ጣሏት። በዕድሜያቸው ሙሉ በሰው ላይ እጃቸውን ያላነሱ ሰው ነበሩ።

በሽታው ምንድን ነው?

ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት አንድ በሽታ አይደለም። አእምሮን እያደከሙ የማስታወስን፣ የማሰብን፣ የመናገርንና ራስን የመምራትን ችሎታ የሚቀንሱ የብዙ በሽታዎች የወል መጠሪያ ነው። ከእነዚህ መካከል ዋነኛው አልዛይመር ይባላል። ስያሜውም እ.ኤ.አ. በ1906 የአንዲትን ታማሚ ሁኔታ ለሙያ ባልደረቦቹ ካቀረበው ጀርመናዊ ሐኪም፣ ከአሎይስ አልዛይመር የተወሰደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከሕሙማኑ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ያለባቸው ይኸው አልዛይመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዲሜንሺያ ጋር ይኖሩ ነበር። በየዓመቱም ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ አዳዲስ ሕሙማን ይጨመራሉ። ከእነዚህ ከግማሽ የሚበልጡት የሚኖሩት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እንግዲህ ይህ የሀብታም አገር በሽታ አይደለም ማለት ነው።

ከዚህ ላይ መታወቅ ያለበት፣ ሲያረጁ ጥቂት መርሳትና ይህ በሽታ አንድ አለመሆናቸው ነው። ቁልፍን የት እንዳስቀመጡ መርሳት በማንም ላይ ይደርሳል። ቁልፍ ለምን እንደሚያገለግል መርሳት ግን ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ምልክት ነው። አንድን ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅ፣ በሚታወቅ ሰፈር መጥፋት፣ የገንዘብ ሒሳብ መሳት፣ የጠባይ ድንገት መለወጥም እንዲሁ። ሕመምተኛውን ወደ ሕይወት ፋና ወይም ወደ ጁገል ሆስፒታል አለዚያም በየአካባቢው ወደሚገኝ ጤና ተቋም ወስዶ ማስመርመር ያስፈልጋል። ምክንያቱም የእንቅርት ዕጢ ሥራ መዳከም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ከባድ ድብርት፣ የጆሮ አለመስማት ወይም የሚወሰድ መድኃኒት መርሳትን የሚያመጡበት ጊዜ አለ፤ እነዚህ ደግሞ ሊታከሙ ይችላሉ። አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን ባይገኝም ምልክቶቹን ለጊዜው የሚያቀሉ መድኃኒቶች አሉ።

አንዳንድ ወገኖቻችን ነገሩን በጂን ወይም በቡዳ ያመካኙና ሕመምተኛውን ያስራሉ፤ ይባስ ብለውም ይመታሉ። ዱዓና ሩቅያ ለማንም በሽተኛ የተፈቀደ መልካም ነገር ነው። ደካማን ሽማግሌ ማሰርና መምታት ግን ከኢስላም የመጣ አይደለም።

በስም የሚጀምር ንቀት

በአማርኛችን እንዲህ ያለውን ሰው «ጃጅቷል» እንላለን፤ ይህንኑ ቃል ሰውየው እየሰማ የምንናገርበትም ጊዜ አለ። ጃፓናውያንም ለበሽታው የነበራቸው ስያሜ የጅልነት ትርጉም ያለው በመሆኑ ሰዎች አፍረው ሐኪም ዘንድ ከመሄድ ይታቀቡ ነበር። መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ስያሜውን ለወጠው። በተከታዩ ዓመትም ባለሱቁን፣ የባንክ ሠራተኛውን፣ ተማሪውን ስለ በሽታው የሚያስተምር ዘመቻ ጀመሩ፤ እስካሁን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይህን ትምህርት አግኝተዋል። ያቺ የኤረር በር ነጋዴ ማንም ሳያስተምራት የሠራችውን እነርሱ ለሕዝብ እንዲዳረስ አድርገውታል።

ዲናችን ምን ይላል?

ቁርኣን ይህን ሁኔታ ሳያነሳ አላለፈም። በሱረቱ አን-ነሕል ቁጥር 70 እና በሱረቱል ሐጅ ቁጥር 5፣ ከሰዎች መካከል ካወቁ በኋላ ምንም ወደማያውቁበት ዕድሜ የሚመለሱ እንዳሉ ተነግሮናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ወደዚህ ዕድሜ ከመመለስ በአላህ ይጠበቁ እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። እንግዲህ ፈተናው ከባድ መሆኑን ዲናችን አልደበቀንም። ለዚህም ነው በሱረቱል ኢስራእ ቁጥር 23 ላይ ወላጆቻችን ከእኛ ዘንድ ሆነው ሲያረጁ የመሰልቸትን ቃል እንኳ እንዳናሰማቸው የታዘዝነው። አሥረኛ ጊዜ የተጠየቀን ጥያቄ እንደ መጀመሪያው አድርጎ መመለስ፣ ይህችን ትእዛዝ በተግባር መፈጸም ነው።

አእምሮው የሄደ ሰው እስኪመለስለት ድረስ ተጠያቂ እንደማይሆን፣ ብዕር እንደተነሳለትም በሐዲስ ተነግሯል። ስለሆነም ዙህርን ሁለት ጊዜ ከሰገዱ ብለን ከአረጋውያን ጋር መከራከር አይገባንም። ዝርዝሩን ዑለማዎቻችንን መጠየቅ ይቻላል። ከዚህም በላይ የሚያጽናና ነገር አለ። አንድ ባሪያ ሲታመም በጤናው ጊዜ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ እንደሚጻፍለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ቡኻሪ ዘግቧል። አርባና ሃምሳ ዓመት ያቀራ ከቢር ዛሬ ፋቲሓን ቢስት መዝገቡ አልተዘጋም ማለት ነው።

የገንዘብ ጉዳይም አለ። «አእምሮው የለም» በሚል ሰበብ ንብረቱን ገና በሕይወት እያለ ለመካፈል የሚሽቀዳደሙ ልጆች አሉ። በሱረቱል በቀራህ ቁጥር 282 አእምሮው የደከመ ሰው ጉዳይ በአሳዳሪው አማካይነት በፍትሕ እንዲፈጸም ታዟል። አሳዳሪነት አማና እንጂ ውርስ አይደለም።

ከነደባው ላይ የመጣው ድምፅ

ወደ ባባ ልመለስ። አንድ ቀን ከዐስር በኋላ የሰባት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ሱረቱ አን-ነበእን ጮክ ብላ እየቀራች ታጠና ነበር። መሐል ላይ አንድ አንቀጽ ዘለለች። ማናችንም ልብ አላልንም። ከነደባው ላይ ግን ድምፅ መጣ። ባባ የተዘለለውን አንቀጽ በሚገባው ተጅዊድ ቀሩትና «መልሰሽ ቅሪ» አሏት። ልጅቱ መልሳ ቀራች። «ማሻአላህ፤ ቀጥይ» አሉ። የዚያን ዕለት ጧት የገዛ ልጃቸውን፣ አክስቴን፣ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ጠይቀዋት ነበር።

ሐኪሞች ሲያስረዱ፣ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚወስደው የቅርቡን ትዝታ ነው ይላሉ። በልጅነት የተጠናና ዕድሜ ልክ የተደጋገመ ነገር፣ እጅም በልማድ የሚያውቀው ሥራ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። እኛ ግን የሄደውን እየቆጠርን የቀረውን ሳናይ ቀርተን ነበር። ከእሳቸው ያራቅነው ልጆቹን ብቻ አልነበረም፤ አላህ የተወላቸውንም ድርሻ ነጠቅናቸው።

በሳምንቱ አምስት ልጆች እንዲመጡ አደረግን። በቀን የምናስቀምጣቸው ከግማሽ ሰዓት ለማይበልጥ ጊዜ ነው። እኔ ወይም ቀድሞ የእሳቸው ደረሳ የነበረ አንድ ወጣት አጠገባቸው እንቀመጣለን፤ ማን የት እንደደረሰ የምንይዘው እኛ ነን። ለወላጆችም የባባን ሕመም ሳንደብቅ ነገርናቸው። አንደኛው አባት ልጁን አልልክም አለ፤ መብቱ ነው። ሌሎቹ ግን «ልጃችን ሽማግሌ ማክበርንም አብሮ ይማራል» አሉን።

እውነቱን ለመናገር በሽታው አልተመለሰም። ዛሬም የልጆቹን ስም አያውቁም። አንዳንድ ቀን ይቆጡና ትምህርቱ ይበተናል። ነገር ግን ከዐስር በፊት ዉዱእ አድርገው፣ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው መጠበቅ ጀመሩ። ምግብ መብላት ጀመሩ። ሌሊት በር መግፋቱም ቀነሰ። የሚጠብቃቸው ሰው እንዳለ የሚያውቁ ይመስለኛል።

በሌላው ዓለም የታየው

ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለ አውስትራሊያዊቷ ኬት ስዋፈር ሳነብ የራሳችንን ቤት ያየሁ መሰለኝ። ይህች ሴት በነርስነት የሠራች ስትሆን እ.ኤ.አ. በ2008 ገና በ49 ዓመቷ ዲሜንሺያ እንዳለባት ተነገራት። ሥራዋንና ትምህርቷን ትታ ቤቷ እንድትቀመጥና ለመጨረሻው እንድትዘጋጅ ተመከረች። ሕመሙን ያህል የጎዳት ይህ ምክር እንደነበር ኋላ ተናግራለች። ምክሩን ትታ ትምህርቷን ቀጠለች። እ.ኤ.አ. በ2014ም ከሌሎች ሕሙማን ጋር ሆና ዲሜንሺያ አሊያንስ ኢንተርናሽናል የተባለውን ማኅበር መሠረተች። የማኅበሩ አባላት ሕሙማኑ ራሳቸው ሲሆኑ ሥራውም አዲስ ሕሙማንን ማጽናናትና መብታቸውን ማስከበር ነው። ከእርሷ በፊትም ሌላዋ አውስትራሊያዊት ክሪስቲን ብራይደን እ.ኤ.አ. በ1995 በ46 ዓመቷ በሽታው እንዳለባት ተነግሯት፣ ከዚያ ወዲህ መጻሕፍት ጽፋለች፤ በየአገሩ እየዞረችም ስለ ሕሙማኑ ተናግራለች።

በቶኪዮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ሺሮ ኦጉኒ የተባለ ሰው አስተናጋጆቹ በሙሉ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን የሆኑበት ምግብ ቤት ለጥቂት ቀናት ከፈተ። ስሙንም «የተሳሳተ ትእዛዝ ምግብ ቤት» አለው። ተመጋቢው ያላዘዘው ምግብ ሊመጣለት እንደሚችል አውቆ ይገባል፤ ሲሳሳቱም አብሮ ይስቃል። አረጋውያኑ በበኩላቸው ሰው ሲያስተናግዱ ይውላሉ።

በእጃችን ያለው ሀብት

ወገኖቼ፣ እኛ ለዚህ ጉዳይ አዲስ ምግብ ቤት መክፈት አያሻንም። አፎቻ አለን። አፎቻ ለሰርግና ለሐዘን የምንተባበርበት፣ ወንዱም ሴቱም በየራሱ የሚሰባሰብበት ማኅበራችን ነው። በሌላው የአገራችን ክፍል ያለው እድርም ቢሆን ከዚህ አይርቅም። የመርሳት ሕመም የያዛቸውን አባት ወይም እናት «ከእንግዲህ አይችሉም» ብለን ከአፎቻ ከማስቀረት፣ በለቅሶ ቤት ከሚቀመጡት ጋር ተቀምጠው ዱዓ እንዲያደርጉ ብንወስዳቸው ምን ይጎድልብናል?

በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። የሐረር ስፌት በመስፋት የታወቁ ነበሩ። አሁን የጎረቤቶቻቸውን ስም ረስተዋል፤ ጣቶቻቸው ግን ስፌቱን አልረሱም። ልጃቸው በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ሦስት ልጃገረዶችን ትሰበስብና ሆጃ አፍልታ ከፊታቸው ታስቀምጣቸዋለች። ቀለሙን አንዳንዴ ያደባልቁታል፤ ልጃገረዶቹም «እማማ፣ ይህኛው ነው» ብለው ያቀብሏቸዋል። ማን ማንን እንደሚረዳ መለየት ያስቸግራል።

ሶደቃ የግድ ከኪስ የሚወጣ አይደለም። ፈገግታ ሶደቃ መሆኑን፣ ከመንገድ ላይ እሾህና ድንጋይ ማንሳትም ሶደቃ መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ምስር መልቀም፣ ልብስ ማጣጠፍ፣ ሕፃን ማባበል፣ ደጃፍ መጥረግ፣ ለእንግዳ ዱዓ ማድረግ ብዙ አረጋውያን የሚችሉት ሥራ ነው። ዋናው ነገር ሥራው ከለመዱት የመጣና ለሌላ ሰው የሚጠቅም መሆኑ ነው፤ ለማታለል ብቻ የተሰጠን ሥራ እነርሱም ያውቁታል። በደንብ ስላልሠሩት ከእጃቸው አንቀማ። መደገም ካለበት ዞር ሲሉ ይደገም። እሳትና የፈላ ውኃ ባለበት ግን ብቻቸውን አይተዉ። ከቤት ሲወጡም አንድ ሰው አብሯቸው ይሂድ፤ የዘመድ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀትም በኪሳቸው ይኑር።

ለወጣቶች የምለውም አለኝ። ሐረር ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006፣ የሹዋሊድ በዓላችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ይህን ቅርስ ተሸክመው እዚህ ያደረሱት የአረጋውያኑ አእምሮዎች ናቸው። ሕመሙ ገና ሲጀምር፣ በእጃችሁ ባለው ስልክ የዘር ሐረጋቸውን፣ የመምህሮቻቸውን ስም፣ የድሮውን ሰርግና የቁርኣን ቤት ወግ ቅረጹላቸው። እናንተ ታሪክ ታተርፋላችሁ፤ እነርሱም ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነገር መስጠታቸውን ያያሉ።

የሕክምና ጠበብት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ጥናት እንደ ደም ግፊት፣ ስኳር በሽታ፣ ማጨስ፣ ከሰው ተነጥሎ መኖር፣ የመስማት ችግርና የትምህርት ማነስ ያሉ 14 መንስኤዎችን መከላከል ቢቻል፣ በዓለም ላይ ከሚታየው ዲሜንሺያ 45 በመቶ ያህሉን ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻል እንደነበር ገልጸዋል። እንግዲህ ግፊታችንን መለካት፣ ሲጋራን መተው፣ መስጂድ በእግር መሄድና ዝምድናን መቀጠል ለአእምሯችንም ጭምር ነው።

በመጨረሻም አስታማሚዎችን አንርሳ። በአብዛኛው ቤት ሸክሙ የሚወድቀው በአንዲት ሴት ልጅ ወይም ምራት ላይ ነው። አክስቴ ለሁለት ዓመት አንድ ሌሊት እንኳ ሙሉ እንቅልፍ አላገኘችም ነበር። እኛ ወንዶቹ እጅ ስመን እንሄዳለን፤ ሌሊቱ የእርሷ ነበር። አሁን ሌሊቱን በተራ ተካፍለነዋል። ይህን ቀድመን ብናደርግ ኖሮ የባባን በር ለመቆለፍ ባልቸኮልን ነበር።

ባባ ከቅርብ ወራት ወዲህ ንግግራቸው እየቀነሰ ነው። ከእንግዲህ ማረም የሚችሉ አይመስሉም። ልጆቹ ግን አሁንም ከዐስር በኋላ ይመጣሉ፤ ይቀሩላቸዋል፤ እሳቸውም ያዳምጣሉ። ሲጨርሱ እጃቸውን ያነሳሉ፤ ልጆቹም «አሚን» ይላሉ። የሚያደርጉት ዱዓ ቃሉ ባይሰማንም አላህ (ሱ.ወ.) ይሰማዋል። ለአምስት ልጆች በየቀኑ ዱዓ የሚያደርግ ሰው ሥራ የለውም ማለት አንችልም።

አላህ (ሱ.ወ.) ወላጆቻችንን በልጅነታችን እንዳሳደጉን ይዘንላቸው፤ እኛንም ትዕግሥቱን ይስጠን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።